ሪከርደርና ዋሽንት በደብረ ብርሃን፦ ስብስባችንን ለመቀላቀል ለሚያስቡ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት ደብረ ብርሃን ላይ እየተገናኘን ሪከርደርና ዋሽንት የምንነፋ ሰዎች ነን። ሙያተኛ የለንም። መምህር፣ ጡረተኛ፣ ልብስ ሰፊ፣ ነርስ፣ የባጃጅ ሹፌርና ተማሪ ነው ያለን። ስልክ የሚደውልልን ሰው የሚጠይቀው ነገር ከሳምንት ሳምንት ስለማይለወጥ መልሱን ጻፍነው። ጻፍነው ስል የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ሌሎቹ ቡና እየጠጡ አርመውታል።

ሪከርደር ድምፅ መቅጃው ነው?

አይደለም። ስሙ ግን ብዙ ሰው አሳስቷል። አንድ ጊዜ አንድ አባት ከቆጥ ያወረዱትን የካሴት ቴፕ በፌስታል ይዘው መጡ። "ይኸው አለኝ፣ ባትሪ ብቻ ነው የጎደለው" አሉን። ማን ይሳቅ! ቡና ቀድተን አስቀመጥናቸው፤ ሲያዳምጡ አመሹና በሳምንቱ የልጅ ልጃቸውን አስከትለው መጡ። ልጅቱ እስካሁን አለች። እሳቸውም አሉ፤ ዋሽንት ነው የሚነፉት።

እኛ ሪከርደር የምንለው የፈረንጅ ዋሽንት ነው። ከፊት ሰባት፣ ከኋላ አንድ ለአውራ ጣት የሚሆን፣ በጠቅላላው ስምንት ቀዳዳ አለው። ከእንጨት ይሠራል፤ አሁን አብዛኛው ጀማሪ የሚይዘው ግን ፕላስቲኩን ነው። አንዳንድ የግል ትምህርት ቤቶች ለልጆች ያስገዛሉ፣ ከዚያ ልጁ ያድግና መሳቢያ ውስጥ ይቀራል። ቤታችሁ ውስጥ ፈልጉ፣ ሳይኖራችሁ አይቀርም።

ከዋሽንት በምን ይለያል?

በአፉ። ዋሽንት አፉ ክፍት ነው። ትንፋሹን በከንፈራችሁ አቅጥናችሁ የሸምበቆው ጠርዝ ላይ መላክ አለባችሁ፤ ማዕዘኑ ትንሽ ከሳተ የሚወጣው "ፉፉ" ብቻ ነው። የመጀመሪያውን ንጹሕ ድምፅ ለማግኘት ሳምንታት የፈጀበት ሰው አለ። ሪከርደር ግን አፉ ላይ መወተፊያ አለው። በመወተፊያውና በላዩ ግድግዳ መካከል ያለችው ቀጭን ስንጥቅ ትንፋሹን ራሷ እየመራች ከታች ካለው መስኮት ስለት ላይ ታደርሰዋለች። ስለዚህ የአምስት ደቂቃ ጀማሪም ድምፅ ያወጣል። ጥሩ ድምፅ አላልኩም።

ሌላው ልዩነት የቀዳዳው ቁጥር ነው። ዋሽንት ብዙውን ጊዜ አራት ቀዳዳ ስላለው አንዱ ዋሽንት የሚበቃው ለአንድ መነሻ ድምፅ ነው። ዘፋኙ ድምፁን ከፍ ወይም ዝቅ ሲያደርግ ነፊው ዋሽንት ይቀይራል። ዋሽንት ነፊ እንደ ቀስት ብዙውን አስሮ የሚዞረው ለዚህ ነው። ሪከርደር ነፊ አንዱን ይዞ ጣቱን ይቀያይራል። የትኛው ይሻላል ብላችሁ ግን ቅዳሜ እንዳትጠይቁ፤ ልምምዱ በዚያው ያልቃል።

ሙዚቃ ተምሬ አላውቅም። ትቀበሉኛላችሁ?

አዎ። ፈተና የለም። ከመካከላችን የቅዱስ ያሬድን የሙዚቃ ትምህርት ቤት ደጃፍ ያየም የለ።

ኖታ ማንበብ ግዴታ ነው?

አይደለም። ጥቁር ሰሌዳው ላይ ስምንት ክብ እንሥላለን፤ የተቀባው ዝጉ፣ ባዶው ክፈቱ ማለት ነው። በዚህ ብቻ አንድ ዓመት መዝለቅ ይቻላል። ቆይቶ ኖታ የሚፈልግ ሰው ካለ አንዷ መምህራችን ከልምምድ በኋላ ግማሽ ሰዓት ታስረዳለች።

በፈረንጅ መሣሪያ የኛ ቅኝት ይወጣል?

ይህን ጥያቄ ስጠየቅ ደስ ይለኛል፤ መልሱ ራሴንም ያስገረመኝ ስለሆነ ነው።

የሪከርደር መማሪያዎች በዓለም ላይ አብዛኞቹ የሚጀምሩት በሦስት ድምፅ ነው፦ ሲ፣ ላ፣ ሶል። ግራ እጅ ከላይ፣ ቀኝ እጅ ከታች ይሆናል። የግራ አውራ ጣት የኋላውን፣ ጠቋሚ ጣት የፊቱን የመጀመሪያ ቀዳዳ ሲዘጉ ሲ ነው። የመሃል ጣት ሲጨመር ላ፣ የቀለበት ጣት ሲጨመር ሶል። አሁን ከቀኝ እጅ ሁለት ጣት አውርዱ፣ ሚ ሆነ። ሦስተኛውን ጨምሩ፣ ሬ። ያገኘነው ሶል፣ ላ፣ ሲ፣ ሬ፣ ሚ ነው። ይህ ደግሞ ከሶል የሚነሣ ትዝታ ሜጀር ነው እንጂ ሌላ ምን ነው! ፈረንጅ ልጆቹን በመጀመሪያው ወር የሚያስተምራቸው አምስት ጣት ሳያውቀው ትዝታን ያስይዛቸዋል። ጀማሪን የሚያስለቅሰው ፋ ደግሞ በመንገዱ ላይ የለም፤ ትዝታ ዘልሎት ነው የሚያልፈው።

ስለዚህ እኛ ዘንድ ጀማሪ ሁሉ በትዝታ ይገባል። በስድስተኛው ሳምንት ገደማ አንድ ቀርፋፋ ዜማ ይዞ ወደ ቤቱ ይሄዳል።

ባቲ ቀጥሎ ይመጣል፤ እዚያ ፋን መጋፈጥ ግድ ነው። አምባሰልና አንቺ ሆዬ ከበድ ይላሉ። ሁለቱም ከመነሻው ቀጥሎ በግማሽ ድምፅ ብቻ የሚርቅ ጎረቤት አላቸው፤ ይህን በሪከርደር ለማግኘት አንዱን ቀዳዳ ክፍት ትቶ ከሥሩ ያሉትን መዝጋት፣ አንዳንዴም ቀዳዳን በግማሽ መሸፈን ያስፈልጋል። አንቺ ሆዬን በንጹሕ የሚነፋ ሪከርደረኛ እስካሁን ሁለት ብቻ ነው ያለን። ዋሽንት ነፊዎቹ ግን ለዚያ ቅኝት የተበሳውን ሸምበቆ ከጥቅላቸው መዝዘው ቁጭ ይላሉ፣ እያዩን።

አንድ ነገር ሪከርደር አይሰጥም። ዋሽንት ነፊ ጣቱን ቀስ እያደረገ ከቀዳዳው ሲያንሸራትት የሚወጣው እንጉርጉሮ፣ ከአንዱ ድምፅ ወደ ሌላው የሚደረገው መጎተት፣ በሪከርደር ላይ ይሞከራል እንጂ ያን ያህል አይወጣም። እዚያ ላይ ለአባቶች እንለቃለን።

የትኛውን ሪከርደር ልግዛ?

ሶፕራኖ የሚባለውን፣ ፕላስቲክ፣ የባሮክ አጣጣል (ጣት ቀዳዳው ላይ የሚጣልበት ስልት) ያለውን።

ላብራራ። ሪከርደር ቤተሰብ ነው፤ ከትልቁ ባስ እስከ ትንሿ ሶፕራኒኖ። ሶፕራኖ ከአንድ ክንድ ያነሰ ነው፣ 33 ሳንቲ ሜትር ገደማ፤ ዝቅተኛ ድምፁ ዶ ነው። አልቶ ረዘም ይላል፣ ከፋ ይነሣል፣ ድምፁም ለስለስ ያለ ነው። እጃችሁ ትልቅ ከሆነ ቆይታችሁ አልቶ ትወዱ ይሆናል፤ ለመጀመሪያ ግን ሶፕራኖ ይበቃል፣ ዋጋውም ዝቅ ያለ ነው። የእንጨቱ ቆንጆ ነው፣ ግን ለብርዳችንና ለከሰላችን አይሆንም፤ ይሰነጠቃል።

አሁን ወደ አጣጣሉ። ሁለት ዓይነት ሶፕራኖ ይሸጣል፣ ላይ ላዩን ሲታዩ መንትያ ናቸው። አንደኛው ባሮክ ከሚባለው ከድሮው የአውሮፓ ሙዚቃ ዘመን የመጣውን የቀዳዳ አበሳስ የያዘ ነው። ሁለተኛው እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ ጀርመን አገር ፋን ለልጆች ለማቅለል ተብሎ የተቀየረው ነው፤ ፋ ቀለለ፣ በምትኩ ሌሎች ድምፆች ተበላሹ። መለያው ቀላል ነው። ከፊት ካሉት ቀዳዳዎች ከላይ ጀምራችሁ አራተኛውንና አምስተኛውን አስተያዩ። አራተኛው ካነሰ ባሮክ ነው። አምስተኛው ካነሰ የጀርመኑ ነው፣ ለባለ ሱቁ መልሱለት።

ይህን ሳላውቅ አዲስ አበባ ፒያሳ ካለ አንድ ሱቅ ገዛሁ። ሰውየው "ያው ነው፣ ሁሉም አንድ ነው" አለኝ። ደብረ ብርሃን ገብቼ ከጓደኛዬ ጋር ባቲ ስንነፋ ፋ ላይ በደረስን ቁጥር ሁለት ድመት የተጣላ ይመስላል። ሦስት ሳምንት ሙሉ "ጆሮ የለህም" ስለው ከረምኩ። በመጨረሻ ሁለቱን ጎን ለጎን አጋድመን አየናቸው። የሰሌዳው አጣጣል የባሮክ፣ የእኔው መሣሪያ የጀርመን፤ ጆሮ የሌለኝ እኔ ነኝ። ያን ቀን የቡናውን ከፍያለሁ።

ዋሽንት ለሚፈልጉ፦ ከገበያ ከመግዛታችሁ በፊት ለነፊዎቻችን አሳዩአቸው። ለጌጥ የተሠራ፣ ቀዳዳው በግምት የተበሳ ዋሽንት ግድግዳ ላይ ያምራል እንጂ አይነፋም።

የደብረ ብርሃን ብርድ መሣሪያውን ይጎዳዋል?

ይጎዳዋል ከማለት ያስኮርፈዋል ማለት ይሻላል። የሪከርደር ጠላት ብርድ ሳይሆን በብርድ ጊዜ የሚመጣው ጤዛ ነው። ሞቃት ትንፋሽ ቀዝቃዛ ፕላስቲክ ውስጥ ሲገባ፣ ጠዋት ጠዋት መስኮት ላይ እንደምናየው፣ ወደ ውኃ ይለወጣል። ውኃው ያችን ቀጭን ስንጥቅ ይዘጋታል፤ ድምፁ ይታፈንና ጉንፋን እንደያዘው ሰው ይሆናል። በጥቅምትና በኅዳር ውርጭ አዲስ ሰው "ተበላሸብኝ" ብሎ የሚደውለው ሁልጊዜ ይኸው ነው።

መድኃኒቱ ከመንፋት በፊት ማሞቅ ነው። እኛ ዘንድ ሰው ሲገባ መጀመሪያ የሚያደርገው የሪከርደሩን አፍ ብብቱ ውስጥ ወይም ጋቢው ሥር ሸጉጦ ቡና መጠጣት ነው። አንደኛዋ ቡና አልቃ ሁለተኛዋ እስክትቀዳ መሣሪያው ሰውነታችሁን ያህል ይሞቃል። ከመንዝ የመጡ አንድ አባት ባናቸውን ደርበው ሁለት ዋሽንትና የልጅ ልጃቸውን ሪከርደር አንድ ላይ ይታቀፋሉ። "በግ ሲወልድ ግልገሉን የምናሞቀውም እንዲሁ ነው" ይላሉ። በመካከል ከተዘጋ የሪከርደሩን መስኮት በጣት ሸፈን አድርጎ አንድ ጊዜ ጠንከር አድርጎ መንፋት ውኃውን ያስወጣዋል። ለፕላስቲኩ ሌላም ዘዴ አለ፦ በውኃ የቀጠነ ጠብታ የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና በስንጥቋ አሳልፎ ሳያብሱ ማድረቅ። ከዚያ በኋላ ውኃው ጠብታ ሠርቶ አይዘጋም፣ ተዘርግቶ ይፈሳል።

ከሰል ማንደጃው አጠገብ ግን አታስቀምጡ። ፕላስቲኩ ይጣመማል። ከሰሉም ቢሆን በሩ ገርበብ ሳይል እኛ ቤት አይቀጣጠልም፤ ራስ ምታቱን ቀምሰነዋል።

ከፍታውስ? ደጋ ላይ ድምፁ ይቀጥናል ይባላል።

ይባላል፣ ግን ምክንያቱ ከፍታው አይደለም። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,800 ሜትር ብትሆንም የአየሩ መሳሳት ብቻውን የመሣሪያውን ድምፅ ከፍ ዝቅ አያደርገውም። የሚያደርገው ሙቀቱ ነው፤ ያውም ሲበርድ ወደ ታች። በመሣሪያው ውስጥ ያለው አየር በ10 ዲግሪ ሲቀዘቅዝ ድምፁ የግማሽ ድምፅ ሲሶ ያህል ይወርዳል። ይህ ማንም ጆሮ የሚሰማው ነው። ከሸዋ ሮቢት የሚመጣው ጓደኛችን ቆላ ላይ ከስልኩ መቃኛ ጋር ልክ የነበረው ሪከርደር እዚህ ሲደርስ የሚወርድበት ለዚህ ነው። እሱ ግን ጣርማ በር ላይ ዋሻው ውስጥ አስማት አለ ባይ ነው።

ከፍታው የሚነካው ትንፋሻችሁን ነው፣ ከቆላ ለመጣ ሰው። ያውም ሁለት ሳምንት ገደማ፣ ከዚያ ይለመዳል።

ዕድሜ ገደብ አለው?

ከታች በኩል፣ ልጁ ጣቱ ቀዳዳውን በደንብ መሸፈን ሲችል፤ ሰባት ስምንት ዓመት አካባቢ። ከላይ በኩል የለም። ጣት የሚያማቸው ሰዎች ሶፕራኖ ቢይዙ ይሻላል፣ ቀዳዳዎቹ ይቀራረባሉ።

ሴት ልጅ ዋሽንት ትነፋለች?

ዋሽንት የእረኛ፣ እረኛውም ወንድ ልጅ ተደርጎ ስለኖረ ጥያቄው ይነሣል። ከእኛ ጋር ሁለት እህቶች ይነፋሉ፤ አንዷ በልጅነቷ በግ ስትጠብቅ ተደብቃ የተማረች ናት። ይኸው ነው።

ብቻዬን ቤቴ ብነፋስ? ዋሽንት መቼ በቡድን ይነፋል?

እውነት ነው፣ ዋሽንት የብቸኛ ሰው መሣሪያ ሆኖ ነው የኖረው፤ ሜዳ ላይ አንድ እረኛና አንድ ሸምበቆ። ነገር ግን በአገራችን የቡድን ነፊ አልነበረም ማለት አይደለም። እምቢልታን አስቡ። ቀዳዳ የለውም፣ አንዱ ሰው አንድ ወይም ሁለት ድምፅ ብቻ ነው የሚያወጣው፤ ዜማው የሚሞላው ሦስቱ ነፊዎች ተራ እየተቀባበሉ ሲነፉ ነው። ነገሥታቱን ያጅብ የነበረው እሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1963 አዲስ አበባ ላይ የተመሠረተው ኦርኬስትራ ኢትዮጵያም ዋሽንቱን፣ ክራሩን፣ ማሲንቆውንና በገናውን አንድ መድረክ ላይ አስቀምጧቸዋል። ፈረንጆቹም ቢሆኑ የሪከርደር ነገር ከመቶ ዓመት በላይ ጠፍቶባቸው ነበር። አርኖልድ ዶልሜች የሚባል መሣሪያ ሠሪ እንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. በ1919 እንደገና መሥራት ጀመረ፤ በ1937 የሪከርደር ነፊዎች ማኅበር ተቋቋመ፣ በ1939 ደግሞ አሜሪካኖቹ የራሳቸውን መሠረቱ። መሣሪያውን ከሙዚየም አውጥተው በየሳሎኑ ያስገቡት አማተሮች ናቸው።

ከሁሉ በላይ ግን የሪከርደር ጠባይ ራሱ ቡድን ይፈልጋል። በኃይል ስትነፉት ጎልቶ አይሰማም፤ ድምፁ ከቦታው ወደ ላይ ይወጣል። ቀስ ስትሉም ይወርዳል። ስለዚህ ከሌላው በላይ ልሰማ ያለ ሰው ወዲያው ከቅኝት ይወጣና ይታወቅበታል። አሥር ሰው አንድ ላ ሲነፋ መጀመሪያ አየሩ ውስጥ "ዋው ዋው" የሚል ማዕበል ይሰማል። ያ የድምፆቹ አለመገጣጠም ነው። ዓይናችንን ጨፍነን ትንፋሻችንን ጥቂት እየቀነስን፣ ጥቂት እየጨመርን፣ ማዕበሉ እየዘገየ፣ እየዘገየ ይሄድና በድንገት ጸጥ ይላል። ያኔ የማን ድምፅ የት እንዳለ አይለይም። ልምምዳችን ሁልጊዜ የሚጀምረው በዚህ ነው፤ አንዳንድ ቅዳሜ እዚያ ለመድረስ ሃያ ደቂቃ ይፈጅብናል። ይህን ቤታችሁ ብቻችሁን አታገኙትም።

በጾም ትለማመዳላችሁ?

በዓቢይ ጾም የዘፈን ዜማ የማይነፉ አባላት አሉን፤ በዚያ ወቅት ጣት ማፍታቻና ድምፅ ማስተካከያ ብቻ እንሠራለን፣ የፈለገ ይቀራል። በሰሙነ ሕማማት ሙሉ በሙሉ ዝግ ነን። በረመዳን ሙስሊም አባሎቻችን ከሰዓት በኋላ ትንፋሽ ያጥራቸዋልና ሰዓቱን ወደ ጠዋት እናመጣለን።

የሰው መሣሪያ ተውሼ ልሞክር?

ለአፍ የሚሆን ነገር አይዋዋስም። ለሙከራ ያስቀመጥናቸው ሦስት ፕላስቲክ ሪከርደሮች አሉ፤ ሰው በተቀየረ ቁጥር ለብ ባለ ውኃና በሳሙና ይታጠባሉ። የእንጨቱ ውኃ ውስጥ አይነከርም። ወንድማማች ነን፣ ባልና ሚስት ነን ብሎ የሚከራከር አለ፤ ሕጉ ያው ነው።

አከራዬ ጩኸት አይወዱም። የት ልለማመድ?

ሶፕራኖ ጆሮ ይበሳል፤ አከራይዎ እውነት አላቸው። ግማሹን ልምምድ ሳትነፉ አድርጉ፦ አፉን አገጫችሁ ላይ አሳርፋችሁ ጣት ብቻ እያንቀሳቀሳችሁ ዜማውን በልባችሁ በሉት። ከምታስቡት በላይ ይጠቅማል። ለቀረው ደግሞ ከከተማ ወጣ ስትሉ ሜዳ ሞልቷል፣ በጎቹ ቅሬታ አያቀርቡም። አንዷ አባላችን ግን ከሁሉ የተሻለውን አደረገች። አከራይዋን "እትዬ፣ የትኛውን ዜማ ይወዳሉ?" ብላ ጠየቀቻቸው። አሁን ማታ ማታ ሳትነፋ ስትቀር "ምነው ልጄ፣ አመመሽ እንዴ?" እያሉ በር ያንኳኳሉ።

ክፍያ አለው?

የመመዝገቢያ የለም። ለቡና፣ ለስኳር፣ ለከሰልና ለፎቶ ኮፒ በወር የሚዋጣ አለ፤ እንደ ዕድር ግን አንቀጣም። የሌለው ሰው ሰሌዳ ያጠፋል፣ ወንበር ይደረድራል።

ከደብረ ብርሃን ውጭ ነኝ። ልምጣ?

ከአንኮበርና ከደብረ ሲና ተመላልሰው የሚመጡ አሉ። ደብረ ሲና 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ቆሎ ይዘው ስለሚመጡ በጣም እንወዳቸዋለን። (ከመንፋት በፊት ቆሎ አይበላም፤ ፍርፋሪው ስንጥቋ ውስጥ ይገባል። ሕግ ቁጥር አንድ ይህ ነው፣ የሚጣሰውም ይኸው።) መንገድ በሚያሰጋ ሳምንት ግን አትነሡ። ማንም ቀረህ ብሎ አይቆጥርም፤ ዜማውን በስልክ ቀድተን እንልካለን። ያኔ የቴፑ ጌታ አባት "አላልኳችሁም?" ይሉናል።

ለሠርግ ትጠራላችሁ?

ገና ነን።

የመጀመሪያ ቀን ምን ይዤ ልምጣ?

ቅዳሜ ከቀኑ 9 ሰዓት ነው፤ ሩብ ጉዳይ ድረሱ። ጥፍር ቁረጡ፣ በተለይ የግራ አውራ ጣትን፤ የኋላውን ቀዳዳ በግማሽ የምትከፍቱት በእሱ ነው። አፋችሁን ተጉመጥመጡ። መሣሪያ ከሌላችሁ ባዶ እጃችሁን ኑ። ጋቢ ወይም ወፍራም ሹራብ አትርሱ፣ ቤቱ ቀዝቃዛ ነው፤ ብብታችሁም ሥራ አለበት።